የተቀበልኩት ሳር

ወንድሜ በምን ሞተ ብለው ለሚጠይቁኝ ሁሉ በወባ ነው እላለሁ። እውነት ነው። ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ላንቴ የሚባል ቦታ የሙዝ እርሻ ውስጥ ሲሠራ ያዘው፣ ሦስት ቀን ታመመ፣ በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት አረፈ። ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎኝ ይሄዳል። ላንቴ ለምን ሄደ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ይህን የምጽፈው ስላልተጠየቅኩት ነገር ነው። መጻፍ ብዙ አልለመድኩም። ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የሆነውን በተራ በተራ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እሱ ሰባተኛ ክፍል ነበር። ትምህርቱን ትቶ ከኦቾሎ ማዶ ካለው መንደራችን ወደ አርባ ምንጭ ወረደና ጫኝና አውራጅ ሆነ። ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየ። እናታችን እዚያው መንደር ቀረች፤ እኔን ግን አምጥቶ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ደብተሬን የገዛልኝ እሱ ነው፤ ወላጅ ሲጠራ ወላጄ ሆኖ የመጣውም እሱ ነው። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ ለመሰናዶ አልበቃ ሲል አልተቆጣኝም። ወረቀቱን አይቶ መለሰልኝ፤ ማንበብ የማይችል ይመስል አንዴ ገልብጦም አየው። በማግስቱ የሚሠራበት ቦታ ሄዶ ለመነልኝ።

የሚሠራበት ቦታ በመናኸሪያው አጠገብ ያለ የእቃ አድራሽ ድርጅት ቅርንጫፍ ነበር። የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ ቢሮ፣ በግቢው መሃል ደግሞ ትልቅ ማንጎ። ከአዲስ አበባ በየቀኑ አንድ አይሱዙ ካርቶንና ማዳበሪያ ጭኖ ይመጣል፤ መለዋወጫ፣ የሰርግ ልብስ፣ መድኃኒት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሻንጣ፣ ምን የማይመጣ ነገር አለ። አሥራ አንድ ሰዎች ያወርዳሉ፣ ይለያሉ፣ በጋሪና በባጃጅ ለየባለቤቱ ያደርሳሉ። የሚከፈላቸው በሰዓት ነው። ያኔ በከተማችን ሌላው ሠራተኛ ሁሉ በቀን ወይም በሸክም ነበር የሚከፈለው፤ ስለዚህ «እኔ የሰዓት ሠራተኛ ነኝ» ማለት መጀመሪያ ላይ ኩራት ነበረው።

እኔ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበር መዝጋቢ ሆንኩ። በሩ ላይ ወንበር ተሰጠኝ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ሥራ መቼ ተጀመረ፣ መቼ አበቃ ብዬ እጽፋለሁ። ሰዎቹ «ደወሉ» የሚል ስም አወጡልኝ። ወንድሜም አብሮ ይስቅ ነበር፤ እንደ ኮራብኝ ግን ከፊቱ አውቅ ነበር።

ተቆጣጣሪያችን ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ሰው ነበር። አለቃ እንለዋለን። ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር።

ችግሩ የመኪናው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይደርሳል ይባላል። ሶዶ ላይ ጎማ ይፈነዳል፣ ወይ ጎርፍ መንገዱን ይቆርጠዋል፣ ሰባት ሰዓት ይሆናል፣ ዘጠኝ ይሆናል። ሰዎቹ ማንጎው ስር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሚስቶቻቸው በበቆሎ ዱቄትና በሽፈራው ቅጠል የሠሩትን ኩርኩፋ በላስቲክ ይዘው ይመጣሉ፤ ይካፈላሉ፤ በእኔ ላይ ይቀልዳሉ።

«ደወሉ፣ መኪናው ዛሬ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«በጀልባ ነው እንጂ። አባያ ላይ አዞ መንጃ ፈቃድ ጠይቆት ቆሞ ነው።» ይላል ሌላው።

አንድ ቀን አለቃ ቢሮ ጠራኝና «መኪናው እስኪመጣ ምን ይሠራሉ?» አለኝ።

«ማንጎው ስር ይተኛሉ» አልኩት። ደግሞ ሳቅኩ። ደስ እንዲለው ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሳምንት ሳይሞላ ማስታወቂያ ወጣ። የሥራ ሰዓት የሚቆጠረው የመኪናው በር ከተከፈተ ጀምሮ ነው፤ ሲጠባበቅ ከግቢ የወጣ ግን እንደ ቀረ ይቆጠራል። ማስታወቂያውን በትልቅ ፊደል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማታ ቤት ስንገባ ወንድሜ እግሩን እየታጠበ «ጽሕፈቱ ያንተ ነው» አለኝ።

«አለቃ ነው ያጻፈኝ።»

«አውቃለሁ። ቆንጆ ጽሕፈት ነው።»

እኔ ግን አለቃ ጠይቆኝ ምን እንደ መለስኩለት አልነገርኩትም።

ከዚያ ሁለት ወር ያህል ንትርክ ሆነ። ሰዎቹ ሦስት ጊዜ ቢሮ ገቡ። ቢሮው ጠባብ ስለሆነ ግማሾቹ ውጭ ቆመው በመስኮት ይናገራሉ።

«መጠበቅ ሥራ ካልሆነ ቤታችን እንጠብቅ፤ ሲመጣ ጥሩን።»

«እየደወልኩ የምሰበስባችሁ ሙሽራ ናችሁ እንዴ?» ይላል አለቃ። «ትእዛዙ ከላይ ነው። መውጣት የፈለገ ደግሞ በሩ ክፍት ነው።»

«በሩማ ክፍት ነው፤ የዘጋን ደወሉ ነው!»

ሁሉም ሳቁ፤ አለቃም ሳያስበው ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፍቼ መዝገቡ ላይ የሌለ ነገር እጽፍ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው ሐሙስ ቀን ነው። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጠብቀው መኪናው የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሹፌሩ በሩን ከፈተ። ማንም አልተነሳም። ተነጋግረውበት ነው የመጡት፤ ወንድሜ ግን ለእኔ አልነገረኝም። እንዳልጨነቅ ነው ወይስ ስላላመነኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አለቃ ከቢሮ ወጣ። ጮኸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከመናኸሪያ ሃያ ሰው አመጣለሁ። እናንተ ግን ነገ እዚህ አትገቡም» አለ። መልሶ ቢሮ ገባ። ቀልድ እንዳልሆነ ሁሉም ገባው። አሥራ አንዱም ቤት ኪራይ ያለባቸው፣ አብዛኞቹም ልጅ ያላቸው ናቸው።

ወንድሜ ተነሳና ከቧንቧው ጀርባ፣ ውኃ ከሚፈስበት ቦይ ዳር፣ እርጥብ ሳር ነጨ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ጫኝ አብረውት መጡ። ሁለቱ ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘው የቢሮው ደጃፍ ላይ ተንበረከኩ። ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወንድሜ ክንዳቸውን ይዞ ነው ያስቀመጣቸው። ሌሎቹ ከኋላ ቆሙ።

አገራችንን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከልህን ሰው አልፈኸው አትሄድም። ቁጣህን ታቆማለህ፤ ትሰማዋለህ። ሳሩን ከእጁ ከተቀበልክ ደግሞ ታርቀሃል፤ የጠየቀህን እሺ ብለሃል። ከዚያ በኋላ ማፍረስ የለም። ዱላ ይዘው የተፋጠጡ ሰዎች በዚህ ሲበተኑ ሕፃን ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። መንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ያን ቀንም አውቅ ነበር።

አለቃ በሩ ላይ መጥቶ ደነገጠ። ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ «ምንድን ነው ይሄ? እየረገሙኝ ነው?» አለኝ።

«አለቃ፣ ስለ ፈጣሪ» አለ ወንድሜ በአማርኛ። «ጥል አንፈልግም። ይቀበሉን።» ቀጥሎ ወደ እኔ አይቶ በቋንቋችን «ንገረው» አለኝ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። እየለመኑዎት ነው፤ ይህ በእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ማለት ብቻ ነበር። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ወንድሜ ጉልበቱ አቧራ ላይ፣ ሸሚዙ ብብቱ ላይ የተቀደደ፣ ሹፌሩ ከመኪናው ላይ ሆኖ እያየው። አፈርኩ። ያኔ ያፈርኩት በራሴ አይደለም፤ በእሱ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ላይ እንዳልቆጠር ፈለግኩ።

«ምንም አይደለም አለቃ» አልኩ። «የገጠር ነገር ነው።»

«እንግዲያውስ አስነሳልኝ። በሩን ዘጉብኝ እኮ።»

ሄድኩና እጄን ዘረጋሁ። ላስነሳቸው ነው፤ ሳሩን ከደጃፉ ላንሳ ብዬ ነው። አይደለም፣ እውነቱን ልጻፍ። እጄን ስዘረጋ ወንድሜ ምን እንደሚመስለው አውቅ ነበር። ፊቱ በራ። ሳሩን በሁለት እጁ አድርጎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አለቃ በእኔ በኩል የተቀበለ መሰላቸው። ከኋላ የቆሙት በአንድ ላይ ሲተነፍሱ ተሰማኝ። ጋሼ ተነስተው መረቁኝ፤ መረቁን፤ ለአለቃም ለልጆቹም ጤና ለመኑለት። እሱም ግራ እንደ ተጋባ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሰዎቹ ወደ መኪናው ሮጡ። እንደዚያ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። እየተሳሳቁ፣ ካርቶኑን እየተቀባበሉ፣ ሌላ ቀን ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ባዶ አደረጉት።

አለቃ በመስኮት እያየ «እንዴት አደረግከው?» አለኝ።

«ያከብሩኛል» አልኩት።

ሳሩን ከበሩ ጀርባ የተቀዳደደ ካርቶን የሚጣልበት ውስጥ ጣልኩት። መዝገቡን ከፍቼ «ሥራ የተጀመረበት፦ ዘጠኝ ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ለመፈረም መጡ። ማንበብ የሚችለው «ዘጠኝ ሰዓት» የሚለውን አነበበ። ለማይችለው ነገረው። አንዱ ካርቶኖቹን ሲያነሳ ሳሩን አገኘው፤ ጠውልጎ ነበር፤ ይዞት መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ወንድሜ ወደ እኔ ቀርቦ በቋንቋችን፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ተቀብለሃል እኮ» አለኝ።

በአማርኛ መለስኩለት። «በሩን ዘግታችሁ ነበር፤ ለማንሳት ነው የወሰድኩት። ምን ላድርግ ታዲያ?»

ቋንቋዬን ሰማ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «አያውቅም» አላቸው። «ከተማ ነው ያደገው፤ ያደግኩበትን አላስተማርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱን ምንም እንዳትሉት።»

አሥሩም ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ኧረ አውቃለሁ ማለት እችል ነበር። ወንድሜ የድርጅቱን ሰማያዊ ጋውን አወለቀና አጣጥፎ ማንጎው ስር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። በሰላም ስም የገባበትን ሥራ፣ ሰላሙ የውሸት ሆኖ ሳለ መቀጠል አልቻለም፤ እንዲህ ብሎ ግን አልተናገረም። «ልጅ ያላችሁ ሥሩ» ብቻ ብሎ ወጣ። የወጣበትን ሰዓት አልጻፍኩም። ለእሱ ያደረግኩለት ይህንን ነው።

ላንቴ ሄዶ ሙዝ መኪና ላይ መጫን ጀመረ። እዚያው እርሻ ውስጥ ያድራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሙዝ ይዞልኝ ይመጣል። ስለ ጋሼ ጉልበት ይጠይቃል፤ የማን ሚስት ወለደች ይላል። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አላነሳም። በየቅዳሜው ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። አንድ ጊዜ «ያን ቀን እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሙዙ ይበስልብሃል፤ ብላ» አለኝ።

በላሁ። ሦስት ወር እንደዚህ ሄደ። ከዚያ አንድ ረቡዕ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ማስታገሻ ገዛሁለትና ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን አልኩት። ነገ መኪናው ቀድሞ ይመጣል ተባለ፤ ለከነገ ወዲያ አደረግነው። ሐኪም ቤት ስናስገባው አላወቀኝም። በቋንቋችን ብዙ ይናገር ነበር፤ ለእኔ የተናገረው አልነበረም፤ ሸክም የሚያቀብሉትን ሰዎች እየጠራ ነበር።

ወደ ላይ፣ ወደ መንደራችን ወስደን ቀበርነው። አሥሩ ሠራተኞች ሁሉ መጡ። ዳገቱን በየተራ እየተሸከሙ አወጡት። የዚያን ቀን ግቢው ባዶ ነበር፤ መዝጋቢውም ሟች ቤት ስለነበር ማንም እንደ ቀረ አልተጻፈም።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ አጎታችን ተነሳና ወጣት ሰው እንዲሁ አይሞትም አለ። ጎሜ ካለ ይነገር አለ። ጎሜ ማለት ሥርዓት ያፈረሰ ሰው በቤተሰቡ ላይ የሚያመጣው ነገር ነው፤ የሚፈታው ያፈረሰው ሰው በአፉ ሲናገር ነው ይባላል። «ከዚህ ቤት የተሸሸገ ያለው ይናገር» አለ አጎቴ፣ እያንዳንዳችንን እያየ።

ጋሼ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። መሬት መሬት ያያሉ።

እናቴ ከምንጣፉ ላይ ብድግ አለች። «እኛ አማኞች ነን። በቤቴ ጎሜ አይጠራም። ልጄን ጌታ ሰጠኝ፣ ጌታ ወሰደው» አለች። አጎቴ ተቀመጠ። እሷም መጥታ ከጎኔ ሆነችና ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠጋች፤ ይህ የቀረኝ ነው አለች። በእምነታችን ጎሜ የለም። እኔም የለም እላለሁ። ግን ያን ጊዜ እናቴ ስላዳነችኝ ደስ አለኝ፤ ያንን ደስታ ሳስበው ዛሬም ፊቴን መሸፈን እፈልጋለሁ።

ሥራ ተመለስኩ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ እቃ ሊወስዱ የመጡ ሽማግሌ ከአለቃ ጋር ሲጨዋወቱ ስለ ሳር ነገሩት። ሲሄዱ ጠራኝ። በሩን ዘጋ።

«እንደዚያ ነበር እንዴ? ያን ቀን ለእኔ ነበር የተንበረከኩት?»

«አዎ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።» ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩት ለእሱ ነው።

«እኔ ምን ዓይነት ሰው መስዬህ ነው?» አለኝ። «ሽማግሌ ተንበርክኮ እየለመነኝ እምቢ የምል መስዬህ ነው? ለዋናው መሥሪያ ቤት እጽፍ ነበር እኮ። ምን ነካህ?» በዚያው ሳምንት ጻፈ። ወር ሳይሞላ ከጠዋቱ ጀምሮ ግማሹ የመጠበቂያ ሰዓት እንዲቆጠር ተፈቀደ። አዲሱን ማስታወቂያ ጻፍ ሲለኝ ጻፍኩና በዚያው ቀን ሥራውን ለቀቅኩ። ሰዎቹ አለቃን ሲያመሰግኑ ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

ከመሄዴ በፊት ጋሼ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ጉልበታቸውን በሞቀ ውኃ እያሹ ነበር። ቆሜ ተናገርኩ፤ ሁሉንም፤ ማንጎው ስር ይተኛሉ ያልኩትንም ጭምር። አላቋረጡኝም።

«እናውቃለን» አሉ ስጨርስ።

«ምኑን ያውቃሉ?»

«እንደምታውቅ ነዋ። የትኛው የጋሞ ልጅ ነው ሳር የማያውቀው? ወንድምህም እንደምታውቅ ያውቅ ነበር። አያውቅም ሲል እኛ ዝም ያልነው ለእሱ ብለን ነው። የእሱን ቃል ውሸት አናደርግም ብለን ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጨርቁን ውኃው ውስጥ ነክረው ጨመቁና «ለእናትህ ነግረሃታል?» አሉኝ።

«አልነገርኩም።»

«እሷ ናት እንግዲህ መስማት ያለባት። እኛ ምናችሁ ነን።»

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። በየበዓሉ ወደ ላይ እወጣለሁ። እናቴ ላንቴ የሚባለውን ስም መስማት አትወድም፤ በአካባቢው የሚያልፍ መኪና እንኳ አትሳፈርም፤ ልጄን ያ ቦታ በላው ትላለች። ያ ቦታ እንዳልሆነ፣ ወደዚያ የገፋሁት እኔ እንደሆንኩ ልነግራት ስንት ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ ተነስቻለሁ። አሁንም አልነገርኳትም። ይህንን ግን ጻፍኩ። የጻፍኩት በአማርኛ ነው። እናቴ አማርኛ አትሰማም፤ ማንበብም አትችልም። ስጽፍ ይህ በደንብ ገብቶኛል።